ባዶ መሬት የሚባል ነገር

(በግብርና ባለሙያዎች የምሽት ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር ነው። ከድምፅ ቅጂው የተገለበጠ ስለሆነ የአነጋገሩን ወዝ አልነካንበትም።)

እንደምን አመሻችሁ! እዚያ ኋላ ያላችሁ፣ ይሰማል? ይሰማል? እሺ። ወደ ፊት ብትመጡ ደስ ይለኛል፤ ወንበር አለ። አበሻ የፊት ወንበር እንደፈራ ነው፤ እኔ ተማሪ ከነበርኩበት ጊዜ ጀምሮ ይህ ነገር አልተለወጠም።

ስለጋበዛችሁኝ አመሰግናለሁ። ጡረታ የወጣ ሰው ማይክ ከያዘ አይለቅምና ሰዓቱን እናንተ ጠብቁልኝ። አንድ ነገር ደግሞ አስቀድሜ ልበል። የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። የራሴን ታሪክ ስነግራችሁ ብቻ በእኛ እቆጥራለሁ።

የጥሪ ወረቀቱ ላይ ያለው ርዕስ ረጅም ነው። «በቅኝ ግዛት ማብቂያ ዘመን የግብርና ልማትና የስደተኞች እርዳታ በምሥራቅ አፍሪካ» ይላል። ያስፈራል። እኔ የመጣሁት ግን ስለ ሁለት ቃላት ላጫውታችሁ ነው። ባዶ መሬት። እነዚህን ሁለት ቃላት በስንት ሰነድ ላይ አንብባችኋል? ስንቶቻችሁስ ራሳችሁ ጽፋችኋል? እጃችሁን አውጡ አልልም። እኔ ግን አወጣለሁ፤ ይኸው። ጽፌአለሁ። ወደ እሱ እንመለሳለን።

ሦስት ቦታ እወስዳችኋለሁ። መጀመሪያ ኮንግዋ፣ ቀጥሎ የሜሩ ተራራ፣ ከዚያ ርዋንዳና ኡጋንዳ። የመጀመሪያው ላይ ቆየት እላለሁ፤ ምክንያቱም ያስቃል። የመጨረሻው አያስቅም።

እሺ፣ ኮንግዋ። ታንጋኒካ መሀል ላይ ነው፤ ያኔ በእንግሊዝ እጅ የነበረችው፣ የዛሬዋ ታንዛኒያ። ዘመኑ 1946 ነው። ጦርነቱ አልቋል፣ እንግሊዝ አሸንፋለች፤ ግን ሕዝቧ ገና በራሽን ነው የሚበላው። በዚያው ዓመት ዳቦ እንኳን ራሽን ውስጥ ገባ። ዘይትና ቅባት የለም። ማርጋሪን የለም። ያኔ የዩናይትድ አፍሪካ ኩባንያ ኃላፊ የነበሩት ፍራንክ ሳሙኤል አንድ ሐሳብ ይዘው መጡ። ኩባንያው የዩኒሊቨር ልጅ ነው፤ ዩኒሊቨር ደግሞ ማርጋሪን ይሠራል። ሐሳቡ ምንድን ነው? በታንጋኒካ ቁጥቋጦውን መንጥሮ በማሽን ኦቾሎኒ መዝራት።

ጆን ዌክፊልድ የሚመሩት ቡድን ተላከ። ሰውዬው ቀደም ሲል የታንጋኒካ ግብርና ኃላፊ ነበሩ፤ አላዋቂ አልነበሩም። ቡድኑ በዘጠኝ ሳምንት ውስጥ፣ አብዛኛውን በአውሮፕላን እየዞረ፣ አገሩን አይቶ ጨረሰ። ዘጠኝ ሳምንት! እኛ ሰፈር የአንድ ቦታ ካርታ ለማውጣት ከዚያ በላይ ይፈጃል። ዕቅዱ ወደ 1.3 ሚሊዮን ሄክታር የሚሆን መሬት በስድስት ዓመት ውስጥ ማልማት ነበር። ወጪው ወደ 25 ሚሊዮን ፓውንድ ተገመተ። የምግብ ሚኒስትሩ ጆን ስትሬቺ ተቀበሉት። ተጀመረ።

ኮንግዋ ለምን ተመረጠ? መሬቱ ሰፊ ነው፣ ሜዳ ነው፣ ሰው እምብዛም የለበትም። ሰው ለምን የለበትም? ይህን ጥያቄ ልብ በሉልኝ። ሰው ለምን የለበትም?

አገሩ የዋጎጎዎች ነው። ከብት ያረባሉ፣ ዘንጋዳና ዳጉሳ የመሰለ እህል ይዘራሉ። ዝናቡ አንድ ዓመት ይመጣል፣ አንድ ዓመት ይቀራል። ከ1917 እስከ 1920 ድረስ «ምቱንያ» ብለው የሚጠሩት ረሃብ እዚያ ገብቶ ሕዝቡን ፈጅቶታል። እኛ ዘንድ «ክፉ ቀን» ሲባል ማንም ስለየትኛው እንደሆነ እንደማይጠይቅ ሁሉ፣ እዚያም ምቱንያ ሲባል ማስረዳት አያስፈልግም። አንድ ሽማግሌ ጠርቶ፣ ጥላ ሥር አስቀምጦ፣ «አባቴ፣ ይሄ ሜዳ ለምን አይታረስም?» ብሎ መጠየቅ ነበር። ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ ነው።

ከዚያ ማሽኑ መጣ። ትራክተር ከየት ይገኛል? ፋብሪካው ሁሉ ተይዟል። ስለዚህ የጦርነት ትርፍራፊ ከፊሊፒንስ ተገዛ። ብዙው ዝጎ፣ ተሰባብሮ ደረሰ። በቃ፣ «ልባሽ» ማለት ነው፤ የትራክተር ልባሽ። ከዚያም ቪከርስ የሚባለው ፋብሪካ የሸርማን ታንኮችን ወደ ትራክተር ለወጠላቸው፤ «ሸርቪክ» ተባሉ። አስቡት፣ ጀርመንን የወጋ ታንክ ኦቾሎኒ ሊዘራ መጣ!

ባኦባቡስ? ባኦባብ አይታችኋል? በተከዜ ሸለቆ ያለፋችሁ ታውቁታላችሁ። ግንዱ ቤት ያህላል። አንደኛው ዛፍ ያገሬው ሰው እስር ቤት ነበር፤ ሌላው ለአባቶች መንፈስ የሚሠዋበት ነው። ከብዙዎቹ ግንድ ውስጥ ደግሞ ንብ አለ። ዶዘሩ ገፋ ሲያደርገው ንቡ ይወጣል፤ ሹፌሩ ሆስፒታል ይገባል። ቁጥቋጦውን ለመንቀል በሁለት ዶዘር መሀል ሰንሰለት መሳብ ይሻላል ተባለና ከለንደን የመርከብ መልሕቅ ሰንሰለት ይላክልን ብለው ጻፉ። መሀል አገር ላይ፣ ባሕር በሌለበት! ለንደን ያሉት ቀልድ መሰላቸው ይባላል።

እዚህ ላይ የራሴን ልጨምር። ኮንግዋን ያየሁት ለሌላ ሥራ ታንዛኒያ በሄድኩበት ጊዜ ነው። ዝናብ ሊገባ ሁለት ወር ያህል ቀርቶታል። ከአንድ ገበሬ ጀምቤ ተቀበልኩ፤ መቆፈሪያቸውን ጀምቤ ነው የሚሉት። አንሥቼ መታሁ። ቋ! አለ። የእጄ አንጓ ነዘረኝ። የሲሚንቶ ወለል የመታሁ ነው የመሰለኝ። ገበሬው ሳቀ። ባለሙያ መሆኔን ነግሬው ስለነበር ይሆናል አብዝቶ የሳቀው።

አሁን ኦቾሎኒን አስታውሱ። ተማሪ ቤት ተምራችኋል። አበባው ከላይ ያብባል፤ ከዚያ ክር የመሰለ ነገር ወደ ታች ይልክና መሬት ውስጥ ገብቶ ያፈራል። ስለዚህ ፈታ ያለ፣ አሸዋማ አፈር ይፈልጋል። ምርቱን ለማውጣትም መቆፈር አለብህ። የኮንግዋ አፈር ሸክላነት አለው። ዝናቡ ሲያልፍ ይደርቃል፤ ፍሬውን ውስጡ ቀርቅሮ ይይዘዋል። ማረሻው ደግሞ በሥርና በአሸዋ ተበልቶ ያልቃል። በ1947 ለመመንጠር ያቀዱት ወደ 60 ሺህ ሄክታር ነበር። የተመነጠረው 3 ሺህ ገደማ ነው። ጠቅላላ ሥራው ሲደመር ለዘር የገዙትን ያህል ኦቾሎኒ እንኳን አላፈሱም። በጥር 1951 ተዘጋ። ከ36 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ከመዝገብ ተሰረዘ።

ትስቃላችሁ። ሳቁ። እኔም መጀመሪያ ሳነብ ስቄ ነበር። ግን የሚስቅ ሰው ሁልጊዜ «እንግሊዞቹ ሞኝ ነበሩ» ብሎ ይዘጋዋል። ሞኝ አልነበሩም። አፈር የሚያውቁ ሰዎች ነበሯቸው። የቸኮሉት ለራሳቸው ምጣድ ስለነበር ነው። የለንደን ኩሽና ነው ያቀደው፤ የዋጎጎ ሜዳ አይደለም።

ሳልረሳው፣ የኮንግዋ ነገር እዚያ አላለቀም። በ1963 እዚህ አዲስ አበባ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ተመሠረተ፤ የነፃነት ኮሚቴውም ዳሬሰላም ተቀመጠ። በ1964 ታንዛኒያ ለነፃነት ታጋዮች ካምፕ ስትሰጥ የት ሰጠቻቸው? ኮንግዋ! የደቡብ አፍሪካው ኤኤንሲ፣ የሞዛምቢኩ ፍሬሊሞ፣ የናሚቢያው ስዋፖ ልጆች ኦቾሎኒው ጥሎት በሄደው ቦታ ላይ ሰፈሩ። አሁንም «ባዶ ነው» ተብሎ ይመስለኛል።

ወደ ሁለተኛው ልለፍ። ሜሩ ተራራ፣ አሩሻ አጠገብ።

እዚያ ተንገሩ የሚባል ቦታ አለ። በ1942 ስደተኞች መጡበት። የየት አገር ሰዎች ናቸው? ፖላንዶች! ስታሊን ወደ ሳይቤሪያና ካዛኪስታን ያጋዛቸው፣ በኋላ ተለቀው በኢራን በኩል የወጡ፤ አብዛኞቹ ሴቶችና ሕፃናት። አምስት ሺህ ያህል ተንገሩ ላይ ሰፈሩ። ክብ ጎጆ ተሠራላቸው፣ የሣር ክዳን ያለው። የእኛን ጎጆ ቤት ነው የሚመስለው። ትምህርት ቤት ከፈቱ፣ ቤተ ክርስቲያን ሠሩ፣ አትክልት ተከሉ፣ ከብት አረቡ። አደገ፣ ለመለመ። አፈሩ የእሳተ ገሞራ አፈር ነው፤ ውኃ ከተራራው ይወርዳል። ዱላ ብትተክል ይበቅላል።

ስደተኛ ጥሩ መሬት ሲሰጠው ምን ይሆናል? ይኸው፤ ገበሬ ይሆናል። በአውሮፓ ስለ «ተረጂነት መንፈስ» ብዙ ይጻፋል፤ እኔ ግን ተንገሩን ካየሁ ወዲህ ያንን ቃል ስሰማ ጆሮዬን እዘጋለሁ። ቦታው በኋላ የእንስሳት እርባታ ማሠልጠኛ ሆኗል።

አሁን ደግሞ በዚያው ተራራ፣ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ። 1951። በሰሜን በኩል ንጋሬ ናንዩኪ የሚባል ቦታ አለ። ሦስት ሺህ ያህል የሜሩ ሰዎች ከዚያ ተነሡ። ቤታቸው ተቃጠለ፣ ከብታቸው ተነዳ። ለምን? መሬቱ ለነጮች የከብት እርባታ ይሻላል ተባለ። «ልማት» ነው። ለእነሱ በምትኩ ኪንጎሪ የሚባል ቆላ ተመደበላቸው። አንሄድም አሉ። ለምን እንደማይሄዱ ያውቃሉ፤ አገራቸው ነው።

ያደረጉትን ስሙ። ገንዘብ አዋጡ። ኪሪሎ ጃፌት የሚባል ልጃቸውን ወደ ኒውዮርክ ላኩ፤ በ1952 የተባበሩት መንግሥታት ፊት ቆሞ ተናገረላቸው። መሬታቸው ያኔ አልተመለሰም። ግን አስቡት፦ ቡና ሸጠው፣ ሳንቲም ለቃቅመው፣ ከተራራ ሥር ተነሥተው እዚያ ድረስ። እኛም በ1936 ጄኔቫ ላይ የደረሰብንን የምናውቅ ሰዎች ይህ ይገባናል ብዬ አስባለሁ።

አያችሁ? ፖላንዶቹ ላይ ቅር የሚለኝ የለም፤ እነሱ የተገፉ ሰዎች ናቸው። ያንድ ተራራ አንዱ ጎን ስደተኛ ያስጠልላል፣ ሌላው ጎን ስደተኛ ይፈለፍላል፤ ሁለቱንም የሚያስተዳድረው ያው ቢሮ ነው። የእርዳታው ፋይልና የልማቱ ፋይል አንድ ቁም ሣጥን ውስጥ ነበሩ ማለት ነው።

(ውኃ ላግኝ? አመሰግናለሁ፣ እናቴ።)

ሦስተኛው። ርዋንዳ። ያን ጊዜ ቤልጅግ በአደራ የምታስተዳድራት አገር። ከ1959 በፊት አንድ ነገር ልጥቀስ። ቤልጅጎች ከ1937 እስከ 1955 ድረስ ርዋንዳውያንን ወደ ኮንጎ፣ ወደ ኪቩ ኮረብታዎች ያዛውሩ ነበር። ርዋንዳ ሰው በዝቶባታል፣ ኪቩ ደግሞ ለእርሻ ልማቱ ጉልበት ይፈልጋል፤ ሰውን እንደ ችግኝ ነቅሎ መትከል። ዛሬ በምሥራቅ ኮንጎ የሚነደው እሳት አንዱ ሥሩ እዚያ ነው። በዚህ ላይ ብጀምር እናድራለንና ልተወው።

በኅዳር 1959 ርዋንዳ ውስጥ ብጥብጥ ተነሣ። የቱትሲዎች ቤት ተቃጠለ፤ በሺህ የሚቆጠር ሰው ተፈናቀለ። የት ይወሰዱ? ቤልጅጎቹ በመኪና ጭነው ኒያማታ ወሰዷቸው፤ ቡጌሴራ በሚባለው አገር። ለምን እዚያ? ሰው ስለሌለበት! ሰው ለምን የለበትም? በሉ እናንተው ንገሩኝ። ዝንቡ! ከብቱን በበሽታ የሚጨርሰው የቆላ ዝንብ። ፀፀ።

ወደ ኡጋንዳ የሸሹትስ? ኡጋንዳ እስከ 1962 ድረስ በእንግሊዝ እጅ ናት። በአንኮሌ አገር ኦሩቺንጋና ናኪቫሌ የሚባሉ ሰፈራዎች ተከፈቱላቸው። ብዙዎቹ ከብታቸውን እየነዱ ነው ድንበሩን የተሻገሩት። እዚያም ዝንቡ ጠበቃቸው።

አሁን የራሴን ልንገራችሁ፤ ቃል ገብቻለሁ።

በ1977 ዓ.ም. ነው። ገና ተመርቄ መውጣቴ ነው። ድርቁን ታስታውሳላችሁ፤ የማታስታውሱም ወላጆቻችሁ ነግረዋችኋል። ከወሎ የመጡ ሰዎች በምዕራብ ቆላ ሊሰፍሩ ነው ተባለና ቦታ ከሚያጠኑት ጋር ተላክሁ። ሁለት ቀን በሄሊኮፕተር ዞርን። ደስ ይላል፤ አረንጓዴ ነው፣ እስከ ዓይን ዳር ድረስ። ማታ በፋኖስ ተቀምጬ ሪፖርቱን ጻፍኩ። «ለም፣ ሰፊና ሰው ያልሰፈረበት» አልኩ። በራሴ እጅ። አንዲት መስመር አልሰረዝኩም፤ ጽሑፌ ቆንጆ ነው ተብዬ ተመስግኜአለሁ።

ሰው ነበረበት። ነባሩ ሰው ቦታ እየቀያየረ ያርሳል፤ አንዱን ሲያሳርፍ ሌላውን ያለማል። እኛ ከላይ ያየነው ያረፈውን ነው።

ሰፋሪዎቹ መጡ። ከደጋ የተገዙ በሬዎች ታደሉ። ከእነሱ መሀል አንድ ሰውዬ ነበሩ፣ ስድሳ ይሆናቸዋል፣ ነጭ ጋቢ የማይለያቸው። በሬው በታደለ በሦስተኛው ቀን መጡና «አንተ የእርሻው ልጅ» አሉኝ። «አቤት አባቴ» አልኩ። «እዚህ አገር ከመጣሁ በሬ አይቼ አላውቅም። ነባሮቹ ፍየል እንጂ ከብት የላቸውም። ለምን ይመስልሃል?»

ምን አልኳቸው? «ባህላቸው አይደለም አባቴ» አልኳቸው። ባህላቸው አይደለም! ዲግሪ ይዤ!

ዝም ብለው አዩኝ። «እሱስ ይሁን» ብለው ሄዱ።

ገንዲን፣ ዝንቡ የሚያመጣውን የከብት በሽታ፣ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ባንድ ቀን አይገድልም። መጀመሪያ ፀጉሩ ይቆማል። ዓይኑ ያለቅሳል። ይበላል፣ ግን ይከሳል፤ ይበላል፣ ይከሳል። ዝንቡ ሲነክሰው ደሙ ውስጥ የገባው ተውሳክ ነው እየጨረሰው ያለው። የሰውዬው በሬ ቡላ ነበር፣ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት። ክረምቱ ሳይወጣ ጎድን አጥንቱን ከሩቅ መቁጠር ይቻል ነበር። ቀንበር ተሸክሞ መሀል ትልም ላይ ተንበረከከ። ሰውዬው አልመቱትም። ቀንበሩን ፈቱለትና አጠገቡ ቁጭ አሉ። እኔ ቆሜ ነበር፤ ደብተር ይዤ። ምን ልጻፍ?

ስለዚህ ስለ ኒያማታ ሳነብ፣ ስለ አንኮሌ ሳነብ፣ ፈረንጁን ለመስደብ አፌን አልከፍትም። ያቺን ዓረፍተ ነገር አውቃታለሁ። የኔም ናት።

አንድ የሕግ ነገር ልጨምርና ልቋጭ። በ1951 የወጣው የስደተኞች ስምምነት ከዚያ ዓመት በፊት በተፈጠረ ነገር የተሰደደን ሰው ብቻ ነበር የሚያውቀው። በአእምሮው ያለው የአውሮፓ ሰው ነው። በ1957 ቱኒዚያ ስለ አልጄሪያ ስደተኞች እርዳታ ስትጠይቅ፣ የርዋንዳዎቹም ጉዳይ በኋላ ሲመጣ፣ የመንግሥታቱ ድርጅት በጓሮ በር እየገባ ነው የረዳው። ይህን ለማስተካከል አፍሪካውያን የራሳቸውን ስምምነት ፈረሙ፤ በመስከረም 1969፣ እዚሁ አዲስ አበባ። ጥሩ ሰነድ ነው፤ እኮራበታለሁ። ስደተኞች ከወጡበት አገር ጠረፍ ራቅ ብለው ይስፈሩ የሚል አንቀጽ አለው። ለጸጥታ ሲባል። እኔ ደግሞ የግብርና ሰው ነኝና ስለ ዝንቡ፣ ስለ ውኃው፣ ስለ አፈሩ ፈለግሁ። ብፈልግ ብፈልግ አጣሁ።

ናኪቫሌ ዛሬም አለ። «ለጊዜው» ተብሎ የተከፈተ ሰፈራ ነው፤ ስድሳ ዓመት አልፎታል። መጀመሪያ ርዋንዳዎቹ፣ ከዚያ ኮንጎዎች፣ ቡሩንዲዎች፣ ሶማሌዎች። የእኛም ሰዎች አሉበት፤ ኢትዮጵያውያንም ኤርትራውያንም። ከጥቂት ዓመታት በፊት ሄጄ ነበር። አንዲት እህታችን ቡና አፈላችልኝ። ቄጠማ አጥታ የሙዝ ቅጠል ነው የጎዘጎዘችው። ስኒዎቹ ሦስት ብቻ ናቸው፤ አንዱ ጆሮ የለውም።

መሬት ተሰጥቷታል፤ ትንሽ ቦታ። በቆሎና ባቄላ ዘርታለች። «ሲሰጡኝ ባዶ ነው፣ አንቺ ነሽ የመጀመሪያዋ አሉኝ» አለችኝ። «ስቆፍር ይሄ ወጣ።» በእጇ አሳየችኝ። ጀበናው የተቀመጠበት ድንጋይ ነው። ጎንበስ ብዬ አየሁት። መሀሉ ጎድጉዷል፣ ለስልሷል። የወፍጮ ድንጋይ ነው፤ መጁ የለም። እናቴ የነበራትን ይመስላል፣ ግን የእኛ አገር አይደለም። ብዙ ዘመን የተፈጨበት ነው፤ አንድ ጎኑ ከሌላው ይበልጥ ተበልቷል። ፈጪዋ ግራኝ ነበረች መሰለኝ።

ሁለተኛውን ቀዳችልኝ።

ሰዓቴን ጨርሻለሁ መሰል፤ ሰብሳቢው ሰዓቱን እያየ ነው። ጥያቄ ያለው?